የህገ መንግስት ህግ ፈተና፦ ምን ይነበባል፣ ከየት ይጀመራል፣ ምኑ ይዘለላል

ሁለተኛ አመት እያለሁ ለህገ መንግስት ሚድ ከሲኒየር የወረስኩትን ሞጁል ሶስቴ ጨርሼ ነው የገባሁት። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ገፁ ሁሉ በቢጫ ሃይላይተር የተቀባ፣ አንድ ቦታ ላይ ደሞ ሻይ የፈሰሰበት፣ ብቻ የብዙ ሰው እጅ እንዳለፈበት የሚያስታውቅ ሞጁል ነበር እና እኔ ይሄን ያህል ሰው ያለፈበት ከሆነ ምርጥ ነው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ፈተናው ላይ ስለ ህገ መንግስት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጥያቄ ሲመጣ በደስታ አዋጅ ቁጥር 250/1993 ብዬ አንድ ገፅ ሙሉ ፃፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የተሻረ አዋጅ» የሚል ብቻ አለ። ከ30 13። ለካ ሞጁሉ የተዘጋጀው አዲሱ 798/2005 ከመውጣቱ በፊት ነው፣ እኔ ደሞ ስንቴ እንዳነበብኩት ስቆጥር መቼ እንደተፃፈ አንድም ቀን አላየሁም።

ይሄን የምፅፈው ለህግ ተማሪዎች ነው፣ በተለይ ለሁለተኛ አመቶችና ኤግዚት ኤግዛም (ከመመረቅ በፊት የሚሰጠው የመውጫ ፈተና) ደርሶባቸው የቱን ፒዲኤፍ ከፍተው የቱን እንደሚተዉ ግራ ለገባቸው። ብዙ ሰው በዚህ ኮርስ የሚወድቀው ስላላነበበ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ስለ ህገ መንግስቱ የተፃፈውን ሁሉ አንብቦ ህገ መንግስቱን ራሱን ስላላነበበ ነው። 106 አንቀፅ ብቻ እኮ ነው፣ ከሶስት ሺህ በላይ አንቀፅ ካለው የፍትሐብሔር ህግ ጋር ስታስተያዩት የአንድ ቅዳሜ ስራ ነው።

አንደኛ፦ ከማንበባችሁ በፊት ፈተናውን እወቁት

የመምህር ሚድና ፋይናል ሌላ ነው ኤግዚት ኤግዛም ሌላ። መምህሩ ብዙ ጊዜ ኬዝ ነው የሚሰጣችሁ፣ ግማሽ ገፅ ታሪክ ይፅፍና በህግ አስደግፋችሁ መልሱ ይላል፣ እዛ ላይ የሚታየው አንቀፆቹን እንዴት እንደምታገናኟቸው ነው። ኤግዚቱ ደሞ በኮምፒውተር የሚሰጥ ምርጫ ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ፣ እዛ ጋ የሚጥላችሁ ሁለት የሚመሳሰል መልስ ነው፣ ሁለት ሶስተኛ ነው ወይስ አብላጫ ድምፅ፣ አንድ አመት ነው ወይስ ሶስት አመት። ስለዚህ መጀመሪያ ኮርስ አውትላይኑን አውጡ፣ ከዛ ያለፈ አመት የተፈተነ ሰው ፈልጉና ጥያቄውን ሳይሆን የጥያቄውን አይነት ጠይቁት፣ እና አንድ ነገር ደሞ እንዳትረሱ፣ ህገ መንግስቱን ይዞ መግባት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ከመምህሩ ከራሱ ስሙ። ከተፈቀደ አጠናናችሁ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፣ ቁጥር ለመሸምደድ ሌሊት አታድሩም።

ሁለተኛ፦ የህገ መንግስቱን ኮፒ መምረጥ

ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያዙ የምላችሁ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የታተመበትን ነው፣ የነጋሪት ጋዜጣውን ቅርፅ የያዘውን፣ አዋጅ ቁጥር 1/1987 የሚለውን። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት አብዛኞቹ ሶፍት ኮፒዎች ሰው ቁጭ ብሎ እንደገና የተየባቸው ናቸው፣ ንዑስ አንቀፅ ይዘላሉ፣ ቁጥር ይቀያየራል። አንድ ኮፒ ደህና መሆኑን ለማየት የኔ ዘዴ ቀላል ነው፣ በቀጥታ አንቀፅ 93 ንዑስ 4 ፊደል ሐ ጋ ሂዱ። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳን የማይነኩት ተብለው 1፣ 18፣ 25 እና 39 ንዑስ አንቀፅ 1 እና 2 መዘርዘር አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ወይ ሌላ ቁጥር ከገባበት ያንን ፋይል አጥፉት፣ ሌላ ስንት ቦታ እንደተሳሳተ አታውቁም።

ለምን ሁለቱም ቋንቋ ትሉኝ ይሆናል፣ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው አይደል። ነው፣ ግን አንቀፅ 106 የመጨረሻ ህጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፣ አንቀፅ 13 ንዑስ 2ን ክፈቱ። እንግሊዝኛው የመብት ድንጋጌዎች ሲተረጎሙ ከዩኒቨርሳል የሰብዓዊ መብት ዲክላሬሽኑ ጋር መጣጣም አለባቸው ብሎ ሰነዱን በስሙ ይጠራዋል፣ አማርኛው ግን ኢትዮጵያ ስለተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ህግጋት፣ ስምምነቶችና ሰነዶች ነው የሚያወራው፣ በስም የጠቀሰው የለም። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፣ ግን አንድ መምህር ይቺን ይዞ ዲክላሬሽኑ ኢትዮጵያ ውስጥ አስገዳጅ ነው ወይ ብሎ አስር ማርክ ሊጠይቅባት ይችላል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ብቻ ነው መልስ የሚኖረው። ደሞ እውነቱን ለመናገር አማርኛውን ስታነቡ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል፣ እንግሊዝኛው ላይ ሁለት ሶስት ጊዜ የተመላለሳችሁበትን አረፍተ ነገር አማርኛው በአንዴ ይፈታዋል፣ አንዳንዴ ደሞ ተቃራኒው ነው እና ለዛ ነው ሁለቱም የምላችሁ።

ሶስተኛ፦ በአንድ ወረቀት ካርታ ስሩ

አንድ ኤ4 ወረቀት ውሰዱና አስራ አንዱን ምዕራፍ በእጃችሁ ፃፉ። ከ1 እስከ 7 ጠቅላላ ድንጋጌ፣ ከ8 እስከ 12 መርሆዎች፣ ከ13 እስከ 44 መብቶች፣ ከ45 እስከ 49 የመንግስት አወቃቀር፣ ከ50 እስከ 52 የስልጣን ክፍፍል፣ ከ53 እስከ 68 ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ከ69 እስከ 71 ፕሬዚዳንቱ፣ ከ72 እስከ 77 አስፈፃሚው፣ ከ78 እስከ 84 ፍርድ ቤቶች፣ ከ85 እስከ 92 የፖሊሲ መርሆዎች፣ ከ93 እስከ 106 ልዩ ልዩ። አንዴ ይሄን ከያዛችሁ ጥያቄ ሲመጣ ቢያንስ የት ሰፈር እንደሚገኝ ታውቃላችሁ።

ግን ካርታው ላይ ሁለት የሚያሳስት ነገር አለ። አንደኛው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። «ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች» ሲባል ሰው የተራረፈ ነገር ይመስለውና ይዘለዋል፣ እዛ ውስጥ ያለው ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ የፌዴራልና የክልል ታክስ ክፍፍል፣ ምርጫ ቦርድ፣ እና የማሻሻያው ስነ ስርአት ነው፣ ማለትም ፈተና ላይ በጣም የሚወደዱት። ሁለተኛው ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው። ርእሱ ስለ ፍርድ ቤቶች ነው ግን ህገ መንግስቱን የሚተረጉመው ማን ነው የሚለው መልስ እዛው 83 ላይ ነው ያለው፣ እና መልሱ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በአሜሪካ ፊልም ያደገ ሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብሎ ይመልስና ይወጣል (እኔም ፍሬሽ እያለሁ አደርገው ነበር)። 82 አጣሪ ጉባኤውን ያቋቁማል፣ አስራ አንድ አባል፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የህግ ባለሙያዎች፣ ሶስት ከፌዴሬሽን ምክር ቤት። 84 ስራውን ይነግራችኋል። 62 ላይ ደሞ ተመልሳችሁ ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ራሱ ምን ስልጣን እንዳለው ታያላችሁ። አራቱን በቀስት አገናኟቸው፣ 62፣ 82፣ 83፣ 84፣ ሁሌ አብረው ነው የሚመጡት።

አራተኛ፦ የሚመሳሰሉትን ለይታችሁ ያዙ

እኔ ማታ ማታ የምሰራው ይሄን ነበር፣ መንታ የሚመስሉ አንቀፆችን ጥንድ ጥንድ አድርጌ መፃፍ። በጣም ምርጡ ጥንድ 39 ንዑስ 4 እና 47 ንዑስ 3 ነው። ሁለቱም የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሶስተኛ ድምፅ ጥያቄውን ሲያፀድቅ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ህዝበ ውሳኔ አላቸው፣ ሁለቱም በአብላጫ ድምፅ ያልቃሉ። ልዩነቱ የመጀመሪያው ከሀገር መገንጠል ነው፣ ህዝበ ውሳኔውን የሚያደራጀው የፌዴራል መንግስት ነው፣ ጊዜው ሶስት አመት። ሁለተኛው የራስን ክልል መመስረት ነው፣ ጥያቄው ለክልሉ ምክር ቤት ነው የሚቀርበው፣ ህዝበ ውሳኔውን የሚያደራጀውም እሱ ነው፣ ጊዜው አንድ አመት፣ አዲሱ ክልል ደሞ ማመልከቻ ሳያስፈልገው በቀጥታ የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል። የሲዳማን አስቡ፣ ህዳር 10 ቀን 2012 ህዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነው ክልል የሆነው፣ በ47 ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ግን ፈተና ላይ 39 ንዑስ 4 ብሎ ይሞላዋል።

እግረ መንገዴን፣ አንቀፅ 47ን ስታነቡ ዘጠኝ ክልል ነው የሚቆጥርላችሁ፣ ፅሁፉ አልተሻሻለም። ዛሬ መሬት ላይ ያለው 12 ነው፣ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ መጥተው የድሮው ደቡብ የሚባለው ስም ቀርቷል። ስለዚህ ጥያቄው «በህገ መንግስቱ የተዘረዘሩት» ነው የሚለው ወይስ «በአሁኑ ሰአት ያሉት» የሚለውን ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሌላው ጥንድ 48 ሰአት ነው። 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰአት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ 93 ላይ ደሞ ተወካዮች ምክር ቤት ስራ ላይ እያለ የታወጀ አስቸኳይ ጊዜ በ48 ሰአት ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ምክር ቤቱ ስራ ላይ ካልሆነ ግን 15 ቀን ነው። ይቺን 15 ቀን ለመያዝ እኔ 2015ን ነው የምጠቀመው፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ታወጀ፣ ምክር ቤቱ ነሐሴ 8 ተሰብስቦ አፀደቀው። ለምን በሁለት ቀን አልቀረበም ካላችሁ 58ን ክፈቱ፣ ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ላይ ይዘጋል፣ ሐምሌ እረፍት ላይ ነው፣ ስለዚህ የሚሰራው 15 ቀኑ ነው። ቀጥሎ አዋጁ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል፣ ከዛ በየአራት ወሩ ማደስ ይቻላል፣ ይሄም በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዘመ። አያችሁ፣ አንድ ዜና ሶስት ንዑስ አንቀፅ አሸከመላችሁ፣ ከደረቅ ሽምደዳ በጣም ይሻላል።

93ን ከጨረሳችሁ አይቀር አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የማይነኩት ዝርዝር ውስጥ በህይወት የመኖር መብት የለም። 15 የለበትም። ኢሰብአዊ አያያዝ የሚከለክለው 18 አለ፣ እኩልነት 25 አለ፣ የሀገሪቱ ስያሜ የሚገልፀው አንቀፅ 1 ሳይቀር አለ፣ 15 ግን የለም። ይሄን ያየ መምህር ሳይጠይቅበት አያልፍም፣ መልሱ ደሞ በ13 ንዑስ 2 እና በ9 ንዑስ 4 በኩል ኢትዮጵያ የተቀበለቻቸውን ስምምነቶች ማምጣት ነው።

የማሻሻያውን ነገር ደሞ በምሳሌ ያዙት። መሬት የመንግስትና የህዝብ መሆኑ ቀርቶ የግል ይሁን ቢባል ምን ያስፈልጋል? 40 ምዕራፍ ሶስት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ 105 ንዑስ 1፣ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች፣ ሁሉም ነው የምላችሁ፣ አንድ ክልል እምቢ ካለ አለቀ፣ በተጨማሪ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሶስተኛ። የክልሎችን ስም ዝርዝር የያዘውን 47ን መቀየር ቢፈለግስ? እሱ ምዕራፍ አራት ነው፣ ቀላሉ መንገድ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሶስተኛ እና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሶስተኛው። ሁሉንም «ሁለት ሶስተኛ» የሚሉ ቦታዎች በአንድ ወረቀት ሰብስቡ፣ 39፣ 47፣ 64፣ 70፣ 78፣ 93፣ 99፣ 104፣ 105፣ ኤግዚት ላይ ይከፍላችኋል።

አምስተኛ፦ ሌላው ማቴሪያል

አሁን ሞጁል መክፈት ትችላላችሁ። ሞጁል ስትመርጡ የመጀመሪያው ስራ የተዘጋጀበትን አመት ማየት ነው፣ አመት ከሌለው ሶስት ነገር ፈልጉበት፦ ስለ አጣሪ ጉባኤው 250 ነው የሚለው ወይስ 798፣ ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት 251 ነው የሚለው ወይስ 1261፣ ክልሎቹን ስንት ይላቸዋል። በሶስቱም የድሮውን ካገኛችሁ አትጣሉት፣ ስለ ሉዓላዊነት፣ ስለ ፌዴራሊዝም ቲዎሪ፣ ስለ ታሪክ የሚያወራው አያረጅም፣ የተቋማቱን ክፍል ግን በእርሳስ ኤክስ አድርጋችሁ ከአዋጁ ከራሱ አንብቡ። አዋጆቹን አቢሲኒያ ሎው የሚባለው ድረ ገፅ ላይ በነፃ ታገኟቸዋላችሁ።

የአዋጅ ቁጥር ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ሲወድቅበት አይቻለሁ። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛው ላይ በኛ አቆጣጠር እንግሊዝኛው ላይ በፈረንጅ ነው የሚፅፈው። 798/2005 እና 798/2013 አንድ አዋጅ ነው። 1261/2013 እና 1261/2021ም አንድ ነው። ቀላቅላችሁ ሾርት ኖት ከያዛችሁ 798/2013 እና 1261/2013 አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጡና በአንድ አመት የወጡ ይመስላችኋል፣ በመሀላቸው ስምንት አመት አለ። አንዱን ካላንደር ምረጡና እስከ መጨረሻው በሱ ፃፉ፣ ፈተናችሁ በእንግሊዝኛ ከሆነ የፈረንጁን።

የቴሌግራም ቻናል ነገር፣ የጥያቄና መልስ ፋይሎቹን ለልምምድ ተጠቀሙ መልሱን ግን አትመኑ፣ መልሱን የፃፈው ሰው እንደናንተው ፈተና የደረሰበት ተማሪ ሊሆን ይችላል። ቻትጂፒቲም ያው ነው፣ ሀሳቡን ደህና አድርጎ ያስረዳችኋል ግን አንቀፅ ቁጥር ሲጠራ ህገ መንግስቱን ገልጣችሁ ሳታዩ እንዳትፅፉት። ህገ መንግስቱን ያፀደቀውን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ ማለትም በ1987 አንቀፆቹ ሲፀድቁ የተደረገውን ክርክር የያዘውን፣ ላይብረሪ ካገኛችሁት 39 እና 40 የተከራከሩበትን ብቻ አንብቡ፣ ሌላውን ለመመረቂያ ፅሁፍ ተዉት።

ስድስተኛ፦ ውሳኔዎች

ፌዴሬሽን ምክር ቤት የወሰናቸው ጉዳዮች እንደ ሰበር ውሳኔ የተትረፈረፉ አይደሉም፣ ይሄ ለኛ ጥሩ ነው፣ አራት ጉዳይ በደንብ ብታውቁ ይበቃችኋል። የስልጤ የማንነት ጥያቄ (ከጉራጌ የተለየ ነው ወይ የሚለው) በ1993 ህዝቡ ራሱ በድምፁ ይወስን ተብሎ ያለቀው። የቤኒሻንጉል ጉሙዙ፣ ቋንቋ አለማወቅ ሰውን ከመመረጥ ያግዳል ወይ የሚለው። በ1996 የተወሰነው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ፣ አንዱ ተከራካሪ ሳይፈቅድ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኝ አይችልም የተባለበት፣ እሱን ስታነቡ 34 ንዑስ 5 «በተከራካሪዎች ፈቃድ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት፣ ጉዳዩ በሙሉ የቆመው በሷ ላይ ነው።

አራተኛው የ2012ቱ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ይሄን በደንብ ያዙት ምክንያቱም አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን ሲሰማ በቲቪ ተላልፏል፣ እና ህገ መንግስት ትርጉም እንዴት እንደሚሰራ በአይን የምታዩበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። ምርጫው ነሐሴ 23 ሊደረግ ነበር፣ ኮሮና መጣ፣ የምክር ቤቱ አምስት አመት ሊያልቅ ነው፣ ህገ መንግስቱ ደሞ ስልጣን አልቆ ምርጫ ካልተደረገ ምን ይሆናል አይልም። ተወካዮች ምክር ቤት 54 ንዑስ 1፣ 58 ንዑስ 3 እና 93 ይተርጎሙልኝ አለ፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ወሰነ፣ ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ተደረገ። ፈተና ላይ የሚመጣው ጥያቄ ግን ቀኑ አይደለም፣ ሁለት ወገን ተከራክሮበት ያልመጣ ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ ትርጉም መስጠት ይችላል ወይ ነው። 83 «ክርክር ሲነሳ» ነው የሚለው፣ 62 ንዑስ 1 ደሞ ዝም ብሎ የመተርጎም ስልጣን ይሰጠዋል። የፈለጋችሁትን ወገን ያዙ፣ ግን ሁለቱንም አንቀፅ ጥቀሱ፣ አንዱን ብቻ ከጠቀሳችሁ መምህሩ ሌላውን አላየኸውም ነው የሚላችሁ።

ሰባተኛ፦ በእጃችሁ ፃፉ

ንባብ ብቻውን ያታልላል፣ ስታነቡት ሁሉ የገባችሁ ይመስላል። ስለዚህ ኬዝ ፍጠሩና በሰአት ያዙት። ለምሳሌ፦ አንድ ክልል የክልሉን የስራ ቋንቋ የማይናገር ሰው የንግድ ፈቃድ አያገኝም የሚል አዋጅ አወጣ፣ አንድ ነጋዴ ተከለከለ፣ ምን ትመክሩታላችሁ?

እንዴት እንደምመልሰው ላሳያችሁ። መጀመሪያ የክልሉን ወገን አስቀድማለሁ፣ 5 ንዑስ 3 ክልሎች የራሳቸውን የስራ ቋንቋ ይወስናሉ ይላል፣ 52 ደሞ ለፌዴራል ያልተሰጠው ስልጣን የክልል ነው፣ ስለዚህ ክልሉ ከመሬት ተነስቶ አይደለም ያወጀው። ከዛ ወደ ነጋዴው እመጣለሁ፣ 41 ንዑስ 1 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በየትኛውም የሀገሪቱ ክፍል በመረጠው ኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት አለው፣ 32 በፈለገበት የመኖር፣ 25 በቋንቋ ልዩነት ያለማድረግ። የስራ ቋንቋ ማለት ቢሮው የሚሰራበት ነው እንጂ ሰው የሚነግድበት አይደለም ብዬ እለያለሁ፣ ይሄ ነው የመልሱ ልብ፣ ማርኩም እዚህ ነው። ቀጥሎ 9 ንዑስ 1፣ የሚቃረን ህግ ተፈፃሚነት የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። አታቁሙ፣ ማን ነው ይሄን የሚለው? ክልሉ ፍርድ ቤት ያለው ዳኛ በራሱ አዋጁን ሊሽር አይችልም፣ 84 ንዑስ 2 ጉዳዩ ወደ አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል፣ ጉባኤው ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል፣ እሱም በ83 በ30 ቀን ይወስናል፣ ትርጉም አያስፈልግም ካለ ወደ ፍርድ ቤት ይመልሰዋል እና ያልተስማማው ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ይላል። መብቱ፣ ተቃርኖው፣ መንገዱ። ሶስቱን ካልፃፋችሁ መልሱ ሙሉ አይደለም፣ እና ከሶስቱ ሁሌ የሚረሳው መንገዱ ነው። በዚህ ላይ የቤኒሻንጉል ጉሙዙን ውሳኔ ጣል ካደረጋችሁበት ደሞ አለቀ፣ ቋንቋና መብት የተጋጩበት እሱ ነዋ።

እንደዚህ አይነት አስር ኬዝ ከሁለት ጓደኛ ጋር ስሩ፣ አንዱ ይፅፋል አንዱ ያርማል። ከሶስት ሰው በላይ አትሁኑ፣ አምስት ከሆናችሁ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ስለ ፖለቲካ ስታወሩ ይመሻል። ይሄ ኮርስ ላይ ደሞ ወሬው በጣም ይቀናል፣ 39ን አንስቶ ያልተጣላ ዶርም የለም።

የሚዘለለውና ጊዜው

ታሪኩን አጥኑ ግን አትሙቱለት። 1923፣ የተሻሻለው 1948፣ የደርጉ 1980፣ የሽግግር ቻርተሩ 1983፣ የአሁኑ ህዳር 29 ቀን 1987 ፀድቆ ነሐሴ 15 ስራ ላይ የዋለው። የ23ቱ ከጃፓኑ የሜጂ ህገ መንግስት እንደተቀዳ እና ንጉሱ ለህዝቡ የሰጡት እንጂ ህዝቡ ያወጣው እንዳልሆነ ካወቃችሁ፣ ያንን ከአሁኑ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ከሚለው መግቢያና ከአንቀፅ 8 ጋር ማወዳደር ከቻላችሁ ይበቃል። ከ85 እስከ 92 ያለውን አንዴ አንብቡት። የውጪ ሀገር ንፅፅር መምህሩ ክላስ ላይ ካላነሳው ተዉት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሁለት ሳምንት ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቀናት ከህገ መንግስቱ ሌላ ምንም አትክፈቱ። ከዛ አራት ቀን ሞጁልና አዋጅ፣ ሁለት ቀን ውሳኔዎች፣ የቀረውን በሙሉ ኬዝ መፃፍ። ሶስት ቀን ብቻ ከቀራችሁ (ይደርሳል፣ አልፈርድም) ሞጁሉን እርሱት፣ 8፣ 9፣ 13፣ 39፣ 40፣ 47፣ ከ50 እስከ 52፣ 55፣ 62፣ ከ78 እስከ 84፣ 93፣ 104 እና 105ን ብቻ ይዛችሁ ግቡ። የመጨረሻዋን ሌሊት ችከላ ላይ አትደሩ፣ የጥንዶቹን ወረቀትና ካርታውን አንዴ አይታችሁ ተኙ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው «ሶስት አመት» እና «አንድ አመት» የሚቀላቀልበት።

ህገ መንግስቱን ይዞ መግባት ከተፈቀደ ደሞ ሁለት ኮፒ ይኑራችሁ። አንዱ የምትፅፉበት፣ የምታሰምሩበት፣ ቀስት የምታደርጉበት፣ ሌላው ንፁህ። ጓደኛዬ የአመቱን ማስታወሻ በሙሉ ዳር ዳሩ ላይ የፃፈችበትን ይዛ መጥታ ፈታኙ በር ላይ ተቀበላት፣ እሷም ሁለት ሰአት ሙሉ ከኔ እየለመነች ስትገልጥ ነው የጨረሰችው።